ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ የሁለት ጎረቤታሞች ጉዳይ ብቻ አይደለም

የምኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰሞኑን በየብሎኩ መግቢያ የለጠፈው ማስታወቂያ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት የሚፈስ ውሃ የላይኛውና የታችኛው ነዋሪ ብቻ ተስማምተው የሚፈቱት ጉዳይ መሆኑን፣ ማኅበሩም ከእንግዲህ እንዲህ ያለውን አቤቱታ እንደማይቀበል ያስታውቃል። ኮሚቴው ለውሳኔው ያቀረባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ማኅበሩ በግል ቤት ጉዳይ አይገባም፣ የጋራ ገንዘብ ለግለሰብ ቤት ጥገና አይወጣም፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ማካሰስ ማኅበራዊ ኑሮን ያበላሻል። ነገሩ በአንድ ግቢ ቢያበቃ ኖሮ በስብሰባ ላይ ተናግሬ ባለፍኩት ነበር። ሆኖም በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ የሚኖሩ ወዳጆቼም ለአቤቱታቸው የሚያገኙት መልስ ይኸው ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሦስቱ ምክንያቶች ኅሊናን የሚያቆስለው የመጨረሻው ነው። ጉርብትናን የሚያበላሸው አቤቱታው ሳይሆን ውሃው ነው። በእኛ ብሎክ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት በማእድ ቤታቸው ጣሪያ ሥር ሳፋ ደቅነው ያድራሉ። ልስኑ ረግፎ ብሎኬቱ ይታያል፤ የአምፖሉ ሽቦ በወጣበት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ውሃ ስለሚቋጠር ማታ መብራት አያበሩም። እኚህ ሴት ወደ ላይኛው ቤት ያልወጡበት ጊዜ የለም። በሩን የሚከፍቱላቸው ተከራዮች ናቸው፤ እነሱም ባለቤቱን ያነጋግሩ ይሏቸዋል። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ ውክልና የያዘው ዘመዱ ስልክ አያነሳም። ኮሚቴው እኚህን እናት ይስማሙ ሲላቸው ከማን ጋር እንዲስማሙ ነው? በሽምግልና አምናለሁ፤ ሽማግሌ የሚያስታርቀው ግን ሁለቱም ወገኖች ሲቀመጡ ነው።

ዋናው ነጥቤ ግን ከዚህም ይቀድማል። ኮሚቴው ሁለቱ ጎረቤታሞች ይስማሙ ሲል ሁለቱ እነማን እንደሆኑ የታወቀ አድርጎ ነው የተነሳው። አልታወቀም። በርካታ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቻችን ወለል የተሠራው ተመርተው በመጡ ቢሞችና በመካከላቸው በተደረደረ ባዶ ብሎኬት ነው። ውሃ እንዲህ ያለ ሶሌታ ውስጥ ከገባ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ተጉዞ፣ ልስኑ የሳሳበትን ቦታ ፈልጎ፣ ከምንጩ ሜትሮች ርቆ ብቅ ይላል። ማእድ ቤት ላይ የሚንጠባጠበው ከመታጠቢያ ቤት የመጣ፣ ከቀጥታው በላይ የመጣ የሚመስለውም ከጎንዮሹ ቤት የመነጨ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በላይ ከፎቅ ፎቅ የሚወርደው የፍሳሽ መስመርና ወደ ላይ የሚወጣው የውሃ መስመር የማንም የግል ንብረት አይደለም። ያ መስመር በመገጣጠሚያው ላይ ካፈሰሰ፣ የላይኛው ነዋሪ ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ፣ የታችኛው ያለ ጥፋቱ ሲበሰብስ፣ ኃላፊው ማኅበር ደግሞ በራሱ ማስታወቂያ ከተጠያቂነት ሲሸሽ እናያለን።

ምንጩን ለማወቅ ታዲያ ምን ያስፈልጋል? ብዙ ገንዘብ አይደለም። በላይኛው ቤት ያሉት ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው የቤቱ ቆጣሪ ይታያል፤ ውሃ በማይቀዳበት ሰዓት ቆጣሪው ከዞረ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ቧንቧ ያፈሳል። ቆጣሪው ጸጥ ካለ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ማፍሰሻ ይደፈንና ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ተኝቶበት ያድራል፤ በማግስቱ ከታች ያለው ጣሪያ ከራሰ ችግሩ በሴራሚኩ ሥር ያለው የውሃ መከላከያ ነው፤ ወይም ከናካቴው አልተሠራም ማለት ነው። ይህም ደርቆ ከተገኘ ሻወሩና መጸዳጃው በየተራ እየተለቀቁ ፍሳሹ ይፈተናል። አንድ ደህና የቧንቧ ሠራተኛ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የላይኛው ቤት በር መከፈት። ያንን በር ደግሞ የታችኛው ነዋሪ ማስከፈት አይችልም። ማንኳኳት ይችላል፣ መለመን ይችላል፤ የሰው ቤት ገብቶ ቆጣሪ የመዝጋትና ወለል ላይ ውሃ የማስተኛት መብት ግን የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ሁሉም ባለቤቶች በመተዳደሪያ ደንብ ተስማምተው ሥልጣኑን ሊሰጡት የሚችሉት አካል ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ እጁን ሲያወጣ ጉዳዩ በስምምነት አይፈታም፤ በጉልበት ይፈታል። ጉልበት ያለው ደግሞ ምንጊዜም ከላይ ያለው ነው፤ እሱ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር የለምና።

የውሃ ፈረቃው ነገሩን ያወሳስበዋል። ውሃ በሳምንት በተወሰኑ ቀናት፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት በሚመጣበት ከተማ፣ ጣሪያው አንድ ቀን ይርሳል፣ ሦስት ቀን ይደርቃል። በደረቀበት ቀን መጥቶ ያየ ሰው ቆሟል ብሎ ይመሰክራል። ውሃ ሲጠፋ የከፈተውን ቧንቧ ሳይዘጋ ሥራ የሄደ ሰው አለ፤ ውሃው ሲመለስ ወለሉ ይጥለቀለቃል። በአንድ ጊዜ መዘናጋት የፈሰሰውና ለዓመት ሲያልብ የኖረው ከታች ሲታዩ አንድ ዓይነት እድፍ ናቸው። የሚለያቸው ተከታትሎ የሚመዘግብ አካል ብቻ ነው፤ በዚህ ቀን ውሃ መጣ፣ በዚህ ሰዓት ነጠበ፣ በዚህ ቀን ደረቀ ብሎ የሚጽፍ። ይህ ለኮሚቴው ከባድ ሥራ ነው?

ሕጉ አያስገድደንም የሚሉም አሉ። ስለ ጋራ ሕንፃ ቤቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶችን በማኅበር ያደራጀው የጋራ የሆነውን የሕንፃ ክፍል እንዲያስተዳድሩና እንዲጠግኑ ነው። የጋራ መስመር አለመሆኑን ሳያጣራ ጉዳዩ የግል ነው ብሎ የሚፈርድ ማኅበር፣ በእኔ እምነት፣ የተቋቋመበትን ሥራ እየተወ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ በቁጥር 1225 ደግሞ ባለንብረት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ይከለክላል። ስለዚህ አላወቅኩም፣ ውጭ አገር ነበርኩ፣ ያከራየሁት ለሌላ ሰው ነው የሚለው መልስ ባለቤቱን ነጻ የሚያወጣው አይመስለኝም። ነገር ግን ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማስረጃው ያለው ደግሞ ከተዘጋው በር ኋላ ነው። ኮሚቴው ፍርድ ቤት ሂዱ ብሎ ሲያሰናብት ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

የገንዘቡን ነገር በተመለከተ፣ የኮሚቴ አባላት ያለ ደመወዝ እንደሚሠሩና የወር መዋጮው ለጥበቃና ለጽዳት እንኳ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ይህን አልክድም። ግን ማንም የግለሰብ መታጠቢያ ቤት በጋራ ገንዘብ ይታደስ አላለም። የተጠየቀው ምርመራው ነው። የምርመራውን ወጪ ማኅበሩ ይሸፍን፤ ምንጩ የግል ቤት ሆኖ ከተገኘ ባለቤቱ ይተካ፣ የታችኛውን ቤት ልስንና ቀለምም ይመልስ፤ የጋራ መስመር ከሆነ ሁላችንም እናዋጣ። ይልቅ ውድ የሚሆነው መተዉ ነው። ለዓመታት የራሰ ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ ይዝጋል፤ የዛገ ፌሮ ያብጣል፤ ያበጠ ፌሮ ኮንክሪቱን ይፈነቅላል። ያ ሶሌታ ለላይኛው ነዋሪ ወለል፣ ለታችኛው ጣሪያ፣ ለሕንፃው ደግሞ አካል ነው። ያን ጊዜ የሚጠየቀው መዋጮ ከዛሬው የቧንቧ ሠራተኛ ክፍያ ጋር አይወዳደርም።

ታችኛው ነዋሪ ጣሪያውን ራሱ ይቀባ የሚል ምክርም ከአንድ የኮሚቴ አባል አፍ ሰምቻለሁ። ይህ ምክር አሳፋሪ ነው። ከላይ እየራሰ ያለ ጣሪያ ላይ የተቀባ ቀለም ይነፋና ይላጣል፤ ሻጋታውም ከሥሩ ያድጋል። እኚያ እናት ሁለት ጊዜ አስቀብተውት ሁለቴም ተልጧል። በዚያ ቤት የአስም ሕመም ያለበት ልጅ እንደሚያድግ ኮሚቴው ያውቃል።

በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የምጠይቀው ይህን ነው። ማስታወቂያው ይነሳ። መተዳደሪያ ደንባችን ላይ፣ ውሃ መፍሰሱ በጽሑፍ በተገለጸ በሦስት ቀን ውስጥ የማኅበሩ ተወካይና የቧንቧ ሠራተኛ የተጠረጠሩትን ቤቶች ሁሉ ገብተው እንዲያዩ፣ ከባለቤቶቹም ማንም እንዳይከለክል የሚያስገድድ አንቀጽ ይጨመር። ቤቱን አከራይቶ የሚሄድ ባለቤት በአስቸኳይ ጊዜ በር የሚከፍትና ጥገና የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው ስምና ስልክ ቁጥር ለማኅበሩ ያስመዝግብ። የተመዘገበው ሰው ካልተገኘ፣ ተወካዩ ሁለት ምስክሮች ይዞ የዚያን ቤት ውሃ ከቆጣሪው ላይ እንዲዘጋ ይፈቀድለት፤ ባለቤቱ ወይም ወኪሉ መጥቶ በሩን እስኪከፍትም ድረስ እንደተዘጋ ይቆይ።