ቂም ይዞ ታሪክ ይጻፋል?

አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ አይዳ ታርቤል (1857–1944 እ.ኤ.አ.) ያደገችው በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ሰፈሮች ነው። ከ1902 እስከ 1904 በማክሉር መጽሔት በ19 ክፍል ያወጣችው የስታንዳርድ ኦይል፣ የባለሀብቱ የጆን ሮክፌለር የነዳጅ ኩባንያ፣ ታሪክ የዚያው የሰፈሯ ታሪክ ነው። ታዲያ ይታመናል? ከሳሽና ጠበቃ ይሟገታሉ።

ከሳሽ፦ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም። አባቷ ነዳጅ አምራች ነበር። በ1872 የሮክፌለር ወገን ከባቡር ኩባንያዎች ጋር በስውር ሲዋዋል አካባቢው ሁሉ ተናወጠ፣ የእሷም ቤት ጭምር። ወንድሟ ደግሞ የስታንዳርድ ተፎካካሪ የፒዩር ኦይል ኩባንያ ሰው ነው። ምስክር ትሁን፣ እሺ። ዳኛ ግን እንዴት ትሆናለች?

ጠበቃ፦ እህቴ፣ ውሉን አይተሽዋል? ተፎካካሪው ለጫነው በርሜል ከሚከፍለው ላይ ባቡሩ ቆርጦ ለሮክፌለር ወገን ይሰጣል ይላል። ጉድ እኮ ነው! ሕዝቡ ጮኾ ባያፈርሰው ኖሮ አባቷ ነዳጅ በጫነ ቁጥር የባላንጣውን ኪስ ሊሞላ ነበር። ይህን ለመጻፍ ቂም አያስፈልግም፤ መዝገብ ማገላበጥ ይበቃል። ከስታንዳርድ ሹማምንት አንዱን ሄንሪ ሮጀርስንም ቢሮው ድረስ እየሄደች አነጋግራዋለች። አባትየው እንደውም «መጽሔቱን ያጠፉታል» ብሎ ፈርቶ ተይ ብሏታል።

ከሳሽ፦ በመዝገቡ ብትወሰን ጥሩ ነበር። ወንድሜ፣ የክሊቭላንዷን ባልቴት የወይዘሮ ባከስን ነገርስ? ሮክፌለር ፋብሪካዋን በርካሽ ወሰደባት ብላ ጻፈች። በኋላ የመረመሩት የታሪክ ሰዎች ግን ዋጋው ደህና እንደነበር አሳይተዋል። በ1905 ደግሞ በሕመም ፀጉሩን ያጣን ሰው መልኩን አብጠለጠለች። ቤተክርስቲያን ድረስ ሄዳ አይታው!

ጠበቃ፦ መልኩን ብትተወው እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግን እኮ ስለ ኩባንያው እውነተኛ ትልቅነት ራሱን የቻለ ምዕራፍ የሰጠችው እሷው ናት። ቂመኛ እንዲህ ያደርጋል? በ1911 ስታንዳርድን 34 ቦታ እንዲከፋፈል ያደረጉት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም የአባቷ ጎረቤቶች አልነበሩም።

ደግሞ ያንን ሰፈር ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል? ፒትሆል በ1865 በነዳጅ ምክንያት ድንገት የበቀለች ከተማ ነበረች፤ ጉድጓዶቹ ሲነጥፉ ሰው ጥሏት ሄደ። አባቷ እዚያ 60,000 ዶላር ፈጅቷል የሚባል ሆቴል በ600 ዶላር ገዛ። አፍርሶ በእንጨቱ ቲትስቪል ከተማ ላይ ቤት ሠራበት። አይዳ ያደገችው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ!

ከሳሽ፦ ሆቴሉን ለ600 ዶላር ያበቃው ታዲያ ሮክፌለር ነው? የነጠፈ ጉድጓድ ነው። በ1861 መጨረሻ አንድ በርሜል ድፍድፍ 10 ሳንቲም ደርሶ ነበር። ሮክፌለር ወደ ነዳጅ ሥራ የገባው በ1863 ነው። ገበያውን ያለልክ እየቆፈሩ ያጥለቀለቁት የሰፈሯ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ጋ ስትደርስ ብዕሯ ይለሰልሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሮክፌለርን መውቀሷ አይደለም፣ የራሷን ሰዎች በምሕረት ማለፏ ነው።