«ሀገር ስጡኝ»፦ ከቴርሚኒ እስከ ለገሃር

በምኖርባት በሮም ከተማ፣ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ። ወደ ሥራ ስሄድና ስመለስ በአጠገቡ አልፋለሁ። ፋሺስቶች ከለገሃር ነቅለው የወሰዱት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 የተቀመጠው በዚህ ሐውልት ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፉን የመዘዘውም እዚያው ነው። አንበሳው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ሀገሩ ተመልሷል። በሮም የቆመበትን ቦታ ለልጄ አሳይቻት አላውቅም ነበር።

ይህ ቸልተኝነት የተሰማኝ ኔፕልስ በሄድን ጊዜ ነው። የከተማዋ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 «ፋዘር ኤንድ ሰን» የተባለ የስልክ ጨዋታ ለሕዝብ በነፃ አቅርቧል። ታሪኩ አርኪዮሎጂስት የነበረውን፣ በሕይወት ሳለ ያላወቀውን አባቱን ፍለጋ ወደ ሙዚየሙ የሚመጣ የአንድ ወጣት ታሪክ ነው፤ ከጨዋታው ውስጥ የሚከፈተው ተጫዋቹ በአካል ሙዚየሙ ውስጥ ሲገኝ ብቻ የሆነ ክፍል አለ። ሙዚየም ስወስዳት ከግማሽ ሰዓት በኋላ «እንሂድ» ትለኝ የነበረችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ፣ በዚያን ቀን ከአንድ ዕቃ ፊት ቆማ ስትመለከት እኔ ነበርሁ የምጠብቃት። ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከታዋለች። እኔን የገረመኝ ቴክኖሎጂው ሳይሆን፣ ልጅ በልቡ ጥያቄ ይዞ ሲገባ የሙዚየም ዕቃ የሚመልስለት ነገር እንዳለው ማየቴ ነው።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ስንገባ ይህ ሐሳብ አብሮኝ ነበር። የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ ለገሃር ወርዶ ሌላ ታክሲ ይይዛል፤ አንበሳውን በሳምንት አምስት ቀን ያየዋል። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «አንበሳው ነዋ» አለኝ። ከክፍሉ ልጆች ጋር ሙዚየም ሄዶ ያውቃል፤ ያን ቀን ተሰልፈው ከየመስታወቱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ደብተራቸው ላይ ገልብጠው ተመልሰዋል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው።

እናቴ ግን ማታ ማታ፣ ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ፣ ሁለቱን ልጆች «እንቆቅልሽ!» ትላቸዋለች። «ምን አውቅልሽ!» ይላሉ። መልሱ ሲጠፋቸው «ሀገር ስጡኝ» ብላ ትጠይቃለች፤ የሰጧት ሀገር ካልጣማት ሌላ ታስመርጣቸዋለች፤ ደስ ያላትን ስታገኝ ብቻ መልሱን ትነግራቸዋለች። የኔፕልስ ሰዎች በስልክ ላይ የሠሩት ነገር፣ ማለትም ጥያቄን ከቦታ ጋር አስሮ መልሱን ለፈላጊው ብቻ መክፈት፣ በእኛ ቤት ከምድጃው ዳር ተቀምጦ እንደነበረ ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ሆነን አምስት እንቆቅልሾች በወረቀት ጻፍንና ከፒያሳ ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና ወረድን። አንዱ መልስ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ተነሥቶ የተመለሰው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነበር። ሌላው እናቴ በልጅነቷ ክር ትገዛበት የነበረ የፒያሳ ሱቅ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ሠፈሩ ሲፈርስ አብሮ ስለሄደ ልጆቹ መልሱን ከቦታው አላገኙም፤ ከእሷ አፍ ግን አገኙት። ስለ ፒያሳ ጨዋታ የሚያዘጋጅ ሰው ካለ፣ ካርታውን ከመሣሉ በፊት የፒያሳን አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ፈልጎ ሊያነጋግር ይገባል፤ ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። እንዲሁም ሁሉም ቅርስ ነጥብ እየተቆጠረበት ሊጫወቱበት አይገባም። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ከዝርዝራችን ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ቦታ ልጆች በእሽቅድምድም ሲሮጡ ማየት አልፈልግም።

ለገሃር ስንደርስ እናቴ የመጨረሻውን ጠየቀች፦ «ከባቡር ጣቢያ ተማርኮ፣ ከባቡር ጣቢያ አጠገብ ታስሮ፣ ወደ ባቡር ጣቢያ የተመለሰ።» ሁለቱም ዝም አሉ። «ሀገር ስጡኝ» አለች። ልጄ «ሮምን ሰጠሁሽ» ስትላት ራሷን ነቀነቀች። «ሮምን ምን ላድርጋት? ለገሃርን ስጡኝ።» ሰጧት፤ እሷም እጇን ወደ አንበሳው ዘርግታ ከ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጀምሮ ያለውን ታሪኩን ነገረቻቸው። ቴርሚኒ ስትል ልጄ ወደ እኔ ዞረች፤ «አባዬ፣ በየቀኑ የምታልፍበት ጋ?» አለችኝ። የእህቴ ልጅ አንበሳውን እያየ ቆይቶ፣ ስትመለስ የቆመበትን ባዶ ቦታ ፎቶ አንሥታ እንድትልክለት ጠየቃት።