ቆላና ደጋ በ4 ጫማ ሳጥን

እኛ አገር ለእባብ የሚደረገው ዝግጅት አጭር ነው። አንዱ «እባብ!» ብሎ ይጮኻል፣ ሴቶችና ልጆች አልጋ ላይ ይወጣሉ፣ ወንዶች ዱላ ፍለጋ ይወጣሉ (ፍለጋው እንደ ወንዱ ጀግንነት ይረዝማል)፣ በመጨረሻ ከጎረቤት የተጠራ ጎረምሳ መጥቶ አናቱን ይለዋል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው የእባቡ ርዝመት ነው፤ እሱም በየቡናው ላይ አንድ አንድ ክንድ እየጨመረ ይሄዳል። እንቅልፉ እንዴት ነው፣ ይበርደዋል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው ባልንጀራዬ ቤት ይህ ጥያቄ ተነሳ። መነሻው የአባት አፍ ነው። «ሁሉንም ኤ ካመጣህ የፈለግኸውን እገዛልሃለሁ» የማይባልበት የሐበሻ ቤት የለም፤ አባት ይህን ሲል በሆዱ በሒሳብ አንዲት ቢ እንደማትጠፋ ተማምኖ ነው። ልጁ ሁሉንም ኤ አመጣ። አባት ስልክ ይላል ብሎ ሲጠብቅ ልጁ እባብ አለ።

እናት «በዚህ ቤት ወይ እኔ ወይ ያ ነገር» አለች። እሷ እባብን በስሙ አትጠራም፣ በተለይ ከመሸ። ልጁ ተዘጋጅቶ ነበርና ተራ በተራ አስረዳ። ሜሪላንድ መርዛማ እባብ በቤት ማኖር በሕግ ይከለክላል፤ እሱ የሚፈልገው ቦል ፓይተን ግን መርዝ የለውም፣ ሲደነግጥ ከመናከስ ይልቅ ተጠቅልሎ ጭንቅላቱን መሃል ይደብቃል፤ የዘሩ አገርም ምዕራብ አፍሪካ ነው፣ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን። «አፍሪካዊ ነው እኮ!» ሲላት ትንሽ ዝም አለችና፣ «ታዲያ ወረቀት አለው?» አለች።

እኔ የተጠራሁት ድሪል ስላለኝ ነው። በዚህ አገር ድሪል ያለው ሐበሻ ከቄስ ቀጥሎ የሚፈለግ ሰው ነው። ሳጥኑ ርዝመቱ 4 ጫማ፣ ወርዱና ቁመቱ 2፣ 2 ጫማ፣ ፊቱ መስታወት። የተከልነው ቤዝመንት ውስጥ፣ በዲቪ የመጣው የእናትየው ወንድም ልጅ ፍራሽ ራስጌ ላይ ነው። እሱም ጋቢውን ተከናንቦ ሥራችንን ይከታተላል።

«ሳጥኑ ቆላና ደጋ ሊኖረው ይገባል» ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ ረዥም አድርጎ ነበር ያወራው። እባብ ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም፣ ከውጭ ተበድሮ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሲበርደው የሚሞቅበት፣ ሲሞቀው የሚሸሽበት ጥግ ይፈልጋል። ቆላው ከ88 እስከ 92 ዲግሪ ፋራናይት፣ ደጋው ከ76 እስከ 80።

ይህ ሲባል ባልንጀራዬ ደረጃው ላይ ቆሞ ይሰማል። እሱ በሁለት ነገር አይደራደርም፤ በሃይማኖቱና በቴርሞስታቱ። ክረምቱን ሙሉ የቤቱ ሙቀት መቆጣጠሪያ 66 ላይ ነው። ሚስቱ አንድ ቀን 70 ላይ ብታደርገው ከሥራ ቦታው በስልኩ አይቶ «ማነው የነካው?» ብሎ ደውሏል። የበረደው ጋቢ ይልበስ ባይ ነው።

«92?» አለ። «ድሬዳዋ ልትወስደው ነው እንዴ?»

ልጁ ምንም አልመሰለውም። ሙቀቱ በግምት እንደማይሆን፣ አምፖሉም ሆነ ከሥር የሚነጠፈው ማሞቂያ ለብቻው ቴርሞስታት እንደሚያስፈልገው፣ አለዚያ እባቡ ሆዱ እየተቃጠለ እንኳ ላይነሳ እንደሚችል ነገረን። በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን ሰው ሠራሽ ድንጋይም በዚሁ ምክንያት አልገዛም አለ። ቤቱ ውስጥ ሁለተኛ ቴርሞስታት ገባ፤ አባት የማያዝዘው። ሽቦውን ቆላው ላይ ከሰካን በኋላ ባልንጀራዬ ተንበርክኮ እጁን በበሩ አስገባ። ትንሿ መስኮት 89.6 ታሳያለች። «ትክክል ነው» አለ። እጁን ግን አላወጣም። ቁጥሩ 90 ሲሆንም አላወጣም።

ቀጥሎ ዋሻ መጣ። ሁለት ዋሻ ነው የሚያስፈልገው፣ አንዱ በቆላ አንዱ በደጋ።

«አንድ አይበቃውም?» አልኩ።

«አይ ጋሼ፣ አንድ ብቻ ከሆነ ከሙቀትና ከደኅንነት አንዱን ሊመርጥ ነው። እሱ ደግሞ ያስጨንቀዋል።»

የዲቪው ልጅ ፍራሹ ላይ ሆኖ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ የጠየቀው የለም።

ዋሻው ሰፊ እንዲሆንም አይፈለግም፤ እባብ ጎንና ጎኑ ግድግዳ ካልነካው የተደበቀ አይመስለውም። ሁለት የሸክላ አበባ ማስቀመጫ ገለበጥንና አፋቸውን በመቆንጠጫ ሸርፌ በር አወጣሁላቸው። የተሸረፈው ቆዳውን እንዳይቧጭረው በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ቀይ አቧራው እስከ ክርኔ ወጣ። ልጁ በጣቱ ዙሪያውን ዳስሶ፣ «እዚህ ጋ ይቀረዋል» ብሎ መለሰልኝ። የገዛ ቤቴን ስገዛ እንዲህ የመረመረልኝ አልነበረም።

ትልቁ ጦርነት የተነሳው በጉዝጓዙ ነው። ለጉዝጓዝ የኮኮናት ቅርፊት ይመረጣል፣ እርጥበት ይይዛልና፤ አየሩ ከ55 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ካልያዘ ቆዳው ሲቀየር ይቆራረጣል። ሴዳር የሚባለው እንጨት ሰጋቱራ ግን ክልክል ነው፣ ሽታ ያለው ዘይቱ ለእባብ ሳንባ ጠንቅ ነው። ልጁ እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። «ስለዚህ ጭስም አይሆንም» አለና «ዕጣንም» ብሎ ጨመረ።

እናት ቀስ ብላ ዞረች። «በገዛ ቤቴ?» አለች። «ዕጣን የሚያባርረው ማንን እንደሆነ ታውቃለህ? ዕጣን ሲሸተው የሚታመመው ማን እንደሆነ በራስህ አፍ መሰከርክ!»

ለዚህ መልስ ያለው ሰው አልነበረም። ሽምግልና ተቀመጥን። ዕጣኑና የቡናው ጭስ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፍቶ እንዲሆን፣ የቤዝመንቱ በር እንዲዘጋ፣ በአጸፋውም ሳጥኑ በጓጉንቸር እንዲቆለፍና ቁልፉ በእናት እጅ እንዲሆን ተስማማን። ልጁ ቁልፉን ወደደው። «የእባብን ልብ አይቶ እግር ነሳው» እንዲሉ እግር ባይኖረውም፣ ክዳኑን በአፍንጫው እየገፋ ቀዳዳ ሲፈልግ የሚያድር ፍጡር ነው፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው ይከተላል።

እባቡ ከመጣ በኋላ ያለውን ሳምንት ማንም እንዳይነካው፣ እንዳይጠይቀው ታዘዘ። አዲስ ቦታ ነውና ይረጋጋ ተባለ። የዲቪው ልጅ የመጣ ዕለት ግን ከኤርፖርት በቀጥታ ሠላሳ ሰው የጠበቀው ሳሎን ገብቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ «አሜሪካን እንዴት አገኘሃት?» ተብሏል።

የንስሐ አባታቸው ቤቱን ጠበል ሊረጩ የመጡ ቀን ባልንጀራዬ ሮጦ ወርዶ ሳጥኑን በጋቢ ሸፈነው። አዋቂዎቹም መስታወቱ በሦስት ጎን ቢሸፈን እባቡ ይረጋጋል ነው የሚሉት። አባ ቤዝመንት ወርደው አንድም ጥግ ሳይቀራቸው ረጩ፣ ጋቢው ላይ ደግሞ ደጋግመው። ማታ ልጁ ሲያይ እርጥበቱ 64 ሆኗል። አባን በየሳምንቱ መጥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

ግብሩስ? በአፈ ታሪካችን አርዌ የተባለው ዘንዶ 400 ዓመት ነግሦ፣ ከብትና ልጃገረድ ሲገበርለት ኖሮ፣ አንጋቦ ገድሎት ነገሠ ይባላል። የዚህኛው ግብር በረዶ የሆነ አይጥ ነው። መጀመሪያ ፍሪዘር ውስጥ ከክትፎ ሥጋው ጎን ተገኘና የተጮኸው ጩኸት ዲሲ ያለው አናኮስቲያ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ በማግስቱ ለአይጡ የራሱ ትንሽ ፍሪጅ ተገዛ። አይጡ በሙቅ ውኃ ቀልጦ በረዥም መቆንጠጫ ይቀርብለታል። ከበላ በኋላ 48 ሰዓት አይነካም።

አባት ደግሞ ዕድሜውን አሰላ። ቦል ፓይተን በቤት ከ20 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። ልጁ 3 ዓመት ቆይቶ ኮሌጅ ይገባል፤ እባቡ ኮሌጅ አይገባም። በዚያ ላይ ልጁ በ2020 ሴንት ሉዊስ መካነ አራዊት ውስጥ ቢያንስ 62 ዓመት የሆናት አንዲት ቦል ፓይተን፣ ከ15 ዓመት በላይ ወንድ አጠገቧ ሳይደርስ 7 እንቁላል መጣሏን በቡና ላይ ተናገረ። ሴቶቹ አማተቡ። አንዷ «ሳራ እንኳ አብርሃም ነበራት!» አለች።

ሁዳዴ ገባና እባቡ አልበላም አለ። ልጁ አልደነገጠም፤ ይህ ዘር በተለይ በብርድ ወቅት ለወራት ሊያቆም ይችላል፣ ክብደቱ ካልቀነሰ አያሳስብም። እናት ግን «በልቻለሁ» ያለን እንግዳ በሞቴ ብላ ሦስተኛ ጉርሻ የምታጎርስ ሴት ናት። ቁልፏን ይዛ ወረደች።

«አልበላም ማለት ምን ማለት ነው? ከመቼ ጀምሮ?»

ቀኑን ነገራት። በጣቷ ቆጠረች፤ ከቅበላ ማግሥት። ሳጥኑን አየች፣ አይጡ በመቆንጠጫ አፍንጫው ሥር ተንጠልጥሏል፣ እባቡ ፊቱን አዙሯል። ከዚያ ልጇን አየች። በሌላ እጁ ባለ አይብ ፒዛ ይዟል።

«አየህ?» አለችው። «አየህ አይደል?»

ያን ዕለት ማታ እናቷ ከደብረ ማርቆስ ደወሉ። ልጁ በጉብዝናው ምን ተገዛለት ብለው ሲጠይቁ ደፍራ አልነገረቻቸውም፤ «አሳ» አለች። እማማ ደነገጡ።

«በሁዳዴ? አሳም ቢሆን እኛ ቤት አይበላም! እስከ ፋሲካ አቆዩት።»

«ኧረ አይበላም እማዬ» አለች። «እሱም እየጾመ ነው።»