ይድረስ ለዓይን አውጣው መብራት

ለክቡር ነጩ የመኪና የፊት መብራት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ትንሽ ዝቅ እንዲሉልን ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከዓይኔ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዓይኔም ቢሆን ቀን ቀን ምንም አይለኝ። ጣጣው የሚመጣው ፀሐይ ጠልቃ እርስዎ ሲወጡ ነው።

የምኖረው አዳማ ነው። ሥራዬ አንዳንዴ ወለንጪቲ፣ አንዳንዴ ኢተያ፣ ሲብስ መተሐራ ይወስደኛል። ስመለስ ይመሻል። እናም በነዚህ መንገዶች ላይ እኔና እርስዎ ፊት ለፊት እንተያያለን። እንተያያለን ማለቴ እርስዎ ያዩኛል፤ እኔ ከእርስዎ በቀር ምንም አላይም።

መቼም ዘርዎን ሳላነሳ ወደ ወቀሳ ብገባ ነውር ነው። የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ነዎት። ሃሎጂን የሚባሉት አያትዎ እ.ኤ.አ. በ1962 አውሮፓ ውስጥ መኪና ላይ ወጡ። አጎትዎ ዜኖን እ.ኤ.አ. በ1991 በቢኤምደብልዩ 7 መጡ። እርስዎ፣ ኤልኢዲው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በሌክሰስ ኤልኤስ 600ኤች ግንባር ላይ ተወለዱ። ለጥቂት ዓመታት የሀብታም ልጅ ሆነው አደጉ። አሁን ግን ሰፈር ወርደዋል። ባጃጅ ላይ ሳይቀር አይተንዎታል።

አያትዎን ነፍሳቸውን ይማር ልል ነበር፤ ለካ ገና በሕይወት አሉ፤ የኔ መኪና ላይ። ቢጫ ብጤ ናቸው። ኤች 4 የሚባለው አንዱ የሃሎጂን አምፖል በአጭር መብራቱ 55 ዋት እየበላ 1000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ያወጣል። ብዙ አያሳዩም፣ አልዋሽም። ግን ሰው ሲመጣባቸው አንገታቸውን ደፋ ማድረግ ያውቃሉ። እርስዎ ከሳቸው በጣም ያነሰ ኤሌክትሪክ ይበላሉ፤ ቁጠባዎን አደንቃለሁ። ብርሃኑ ላይ ግን ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም። ቀለምዎም ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው፤ በጨለማ የሰው ዓይን ደግሞ ሰማያዊ ብጤው ይበልጥ ይቆጠቁጠዋል።

አንድ ነገር ላጫውትዎ። ድሮ በዚህ መንገድ መብራት መግባቢያ ነበር። ከፊት የሚመጣው ብልጭ ካደረገልህ “ትራፊክ አለ፣ ተጠንቀቅ” ነው። ረዥሙን ለቀህ እየሄድክ ብልጭ ካደረገብህ “ቀንስ እንጂ ወንድሜ” ነው። ትቀንሳለህ፤ እሱም ይቀንሳል። በቃ።

አንድ ማታ ከወለንጪቲ ስመለስ አንዱ ከፊቴ መጣ። መንገዱ ጠፋ፣ ሰማዩም ጠፋ። ረዥሙን የለቀቀ መስሎኝ ብልጭ አደረግኩበት። ዝም። ደገምኩ። ሰውየው ተናደደ መሰለኝ፣ አሁን ረዥሙን ለቀቀው። ለካ ያ ሁሉ አጭሩ ኖሯል! ጎኔ ተኝቶ የነበረው የሚስቴ ወንድም ብድግ ብሎ “ነጋ እንዴ?” አለኝ።

እርስዎ ይህ ያስቅዎት ይሆናል። እኔ ግን ሒሳቡን ልንገርዎት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። እርስዎ ካለፉ በኋላ ዓይኔ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይዘገያል። ሦስት ሰከንድ እንበል። 66 ሜትር። እሷን 66 ሜትር በእምነት ነው የምነዳት።

እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃሉ? የአህያ ጋሪ አለ። አንጸባራቂ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ፤ ባለቤቱ ጋቢውን ተከናንቦ ጎን ጎኑን የሚሄድ። ከገበያ የሚመለሱ እናቶች አሉ። የጅቡቲ ተሳቢ ጎማው ፈንድቶ መሐል መንገድ ቆሟል፤ ሾፌሩ ለምልክት ብሎ ድንጋይና ቅጠል ደርድሯል። (ሲሄድ ድንጋዩን አያነሳውም፤ የሱን ጉዳይ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።) ይህን ሁሉ የኔ ምስኪን ቢጫ መብራት ያሳየኝ ነበር። እርስዎ መጡና ጋረዱት።

እዚህ ላይ አንቱታው ለትንሽ ይቆየኝ። አንተ! ምን አድርገንህ ነው? የመንገዱ ግማሽ የኔ መሆኑን ማን ነገረህና ነው የማታውቀው? ሁሉ ሞልቶህ ይሉኝታ ጠፋብህ!

እሺ፣ ወጣልኝ። ይቅርታ ክቡርነትዎ።

ደግሞ ረጋ ብዬ ሳስበው ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ አይደለም። ያሳደጉዎት አሉ። ለምሳሌ የቪትዙ ነገር። አጭር መብራት መንገዱ ላይ የሚጥለው ብርሃን ቁርጥ ያለ ጠርዝ አለው። እንደኛ በቀኝ በሚነዳ አገር ያ ጠርዝ በቀኝ በኩል ከፍ ይላል፤ ዳር ያለውን እግረኛ እንዲያሳይ። በግራ በኩል ዝቅ ይላል፤ ከፊት ለሚመጣው እንዲራራ። ጃፓኖች በግራ ስለሚነዱ የነሱ መብራት ግልባጩ ነው። አሁን ከተማችንን የሞሏትን ቪትዞች ያስቧቸው። ለጃፓን መንገድ ተሠርተው ዱባይ ላይ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ የመጡልን ስንት ናቸው! መሪው ዞረ። ዳሽቦርዱ ዞረ። መብራቱንስ ማን አስታወሰው? ያልተቀየረለት ቪትዝ ለእግረኛው የታሰበውን ብርሃን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደኔ ይመጣል። ባለቤቱ ምንም አያውቅም። ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሁሉም ሰላም ነው።

ከዚህ የባሰው የአምፖል ሱቁ ነው። አንድ ጓደኛዬ አምፖል ተቃጥሎበት ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ልጁ ሁለት ካርቶን ከመደርደሪያ አወረደ።

“ጋሼ፣ ይሄኛው ኖርማሉ ነው። ይሄኛው ግን ሌሊቱን ቀን ነው የሚያደርገው።”

ካርቶኑ ላይ 20,000 ሉመን የሚል ተጽፏል። ይህን ቁጥር የሚያምን ሰው ሌላም ብዙ ነገር ያምናል። ጓደኛዬ “የማንን ሌሊት?” ብሎ አልጠየቀም። ተከፈለ፣ ተገጠመ፣ በራ። ልጁ ከመኪናው ፊት ቆሞ በክንዱ ዓይኑን ጋርዶ “ይኸው!” አለ፣ በኩራት። ጓደኛዬም ፊቱ ፈካ። አንድ ሰው ዓይኑን መሸፈኑ የዕቃው ጥራት ማረጋገጫ ሆኖ አረፈው።

የሃሎጂን መብራት ቤት ግን የተሠራው ለቀጭን ክር ነው። ክሯ የምትቀመጥበት ቦታ በሚሊ ሜትር የተለካ ነው። ኤች 4 አምፖል ውስጥ ደግሞ ከአጭሩ ክር ሥር የተሸጎጠች ቆርቆሮ አለች። ሥራዋ ብርሃኑ ሽቅብ እንዳይሄድ መከለል ነው። ትንሽ ናት፤ ግን የአያትዎ ጨዋነት ያለው እሷ ጋ ነው። እርስዎን አምጥተው እዚያ ቤት ውስጥ ሲወትፉዎት ብርሃንዎ መሄጃው ይጠፋዋል። እኩሉ አስፋልቱ ላይ፣ እኩሉ ግራሩ ላይ፣ የተረፈው እኔ ላይ።

ጭነትም አለ። ሽንኩርት እስከ አፍ ገደፉ የጫነ አይሱዙ ኋላው ዝቅ፣ ግንባሩ ቀና ይላል። መብራት አንድ ዲግሪ ብቻ ቀና ቢል 50 ሜትር ላይ 87 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አስፋልት ያይ የነበረው አሁን ፊት ያያል ማለት ነው። ብዙ መኪና ውስጥ ከመሪው አጠገብ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ያላት ትንሽ ማዞሪያ አለች። ጭነት ሲኖር መብራቱን ዝቅ የምታደርገው እሷ ናት። አንዱን ሾፌር ስለሷ ጠየቅኩት። “እኔ የቴፑ ድምፅ መስላኝ ነበር፤ አልሠራ ስትለኝ ተውኳት” አለኝ።

ፈጣን መንገዱ ላይ ይሻላል ብዬ ነበር። መመላለሻው ስለተለየ እውነት ከፊት ያርፋሉ። ከኋላ ግን ይመጣሉ። ረጃጅም መኪኖች ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ቁመትዎ ከኔ ስፖኪዮ ጋር እኩል ነው። የውስጧን መስታወት ከሥሯ ባለችው ምላስ ቀና አድርጌ እገላገላለሁ። የጎኖቹን ምን ላድርጋቸው?

ይህ ሁሉ ሳያንስ የአዳማ ንፋስ አለ። ንፋሳችን የዋዛ አይደለም፤ ከከተማው ዳር አዳማ 1 የሚባለው የንፋስ ኃይል ማመንጫ 51፣ አዳማ 2 ደግሞ 153 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተተከሉት እሱን ተማምነው ነው። አቧራውን ካነሳው እያንዳንዷ ቅንጣት የእርስዎን ብርሃን ይዛ ትቆማለች። ያኔ እኔም አላይ፣ እርስዎን የለቀቀውም ሰው አያይ። እሱም ፊቱ የቆመ ነጭ ግድግዳ ነው የሚያየው። በዚህች ብቻ ፍትሕ አገኛለሁ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኩ በዝቷል፤ እሱ ደግሞ ያለ እርስዎ አይመጣም። በድምፅ እንኳ አያስጠነቅቅም። ድንገት ነው የሚበራው። ግን ልሸንግልዎት አልፈልግም፤ ከፋብሪካ አብረው የወጡበት መኪና ላይ በልኩ ከታሰሩ እርስዎም ጨዋ ነዎት። እንዲያውም ከፊት መኪና ሲመጣ እሱ ያለበትን ቦታ ብቻ ለይተው የሚያጨልሙ ዘመዶች አሉዎት። ካሜራ አላቸው፤ ኮምፒውተር አላቸው። አሜሪካ እነሱን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ይሉኝታ በኮምፒውተር ተሠርቶ አለቀ ማለት ነው። እኛ ጋ እስኪደርስ በካቻቢቴ እንሞክረው።

ምን አድርግ ትለኛለህ ካሉኝ ከባድ አይደለም። ጎማዎን አስነፍተው፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀው ይቁሙ። አጭሩን ያብሩት። የብርሃኑ ጠርዝ ግድግዳው ላይ ከአምፖሉ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። ከፍ ካለ ኮፈኑን ይክፈቱና ከመብራቱ ጀርባ ያለችውን ብሎን ያዙሯት። ለዓመታዊ ምርመራ ስንሄድም “ይበራል?” ብቻ ሳይሆን “የት ላይ ነው የሚያበራው?” ብለው ቢጠይቁን ደስ ይለኛል። እኔ እንዳየሁት መብራት በርቶ ከታየ ቦሎው ተለጠፈ ነው።

ከተማ ስገባ ደግሞ የተገላቢጦሹ ይጠብቀኛል። ባጃጁ ከሥር ሰማያዊ፣ ከላይ ቀይ የሚያብለጨልጭ ጌጥ ለጥፎ የፊቱን ግን አጥፍቶ ይከንፋል። “ለምን?” ሲሉት “ባትሪ እንዳይጨርስ” ይላል። አውራ ጎዳናው ላይ የተረፈው መብራት እዚህ ቢታደል ኖሮ አዳማ ለበዓል የደመቀች ትመስል ነበር።

እስከዚያው እኔ እርስዎ ሲመጡ ፍጥነቴን ቀንሼ፣ ዓይኔን ወደ ቀኝ የመንገዱ ዳር ጥዬ አልፋለሁ። ዳሩ ላይ ነጭ መስመር ቢኖር ይረዳኝ ነበር። እሱ ግን ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ከሰላምታ ጋር
ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰውዬ

ግልባጭ፦
ለረዥሙ መብራት፣ እዚያው ስለሚገኙ በአንድ ፖስታ
ጣሪያ ላይ ለተሰቀለው ፓውዛ፣ ያለበት ከሩቅ ስለሚታይ አድራሻ አላስፈለገም
መሪውን ላዞሩት ባለሙያዎች፣ ዱባይ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ባጃጅ የፊት መብራት የለውም። ሲመጣ አይተው ያሳልፉት።