ኡታዳን «የኛን ዜማ አትመስልም» ብለን አንለፋት

ሐበሻ በተሰበሰበበት ቤት የጃፓን ዘፈን ሲከፈት የሚሰጠው አስተያየት የታወቀ ነው፤ «ይሄማ የኛ ዜማ ነው!» አንዱ ትዝታ ነው ይላል፣ ሌላው አምባሰል ነው ብሎ ይሟገታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ለዕረፍት ጃፓን ሲሄዱ ይዘውት የመጡት ነው ብሎ ታሪክ ይጨምርበታል። የወታደሮቹ ታሪክ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ከመዝመቱ ከብዙ ዘመን በፊትም ክራር የሚቃኘው በአምስት ድምፅ ነበር።

መመሳሰሉ ግን እውነት ነው፣ ጆሯችን አልዋሸንም። ኤንካ የሚባለው የጃፓኖች የናፍቆትና የብሶት ዘፈን በአብዛኛው የሚቆመው ዮናኑኪ በተባለ ቅኝት ላይ ነው። ከሰባቱ የፈረንጅ ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው ይወጡና አምስት ይቀራሉ። ከትዝታችንም የሚጎድሉት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፣ በሜጀሩም በማይነሩም። አምባሰል ነው ብሎ የተሟገተውም አልተረታም፤ ሻሚሰንና ኮቶ በተባሉት ባህላዊ የክር መሣሪያዎቻቸው የሚጫወቱት ሚያኮቡሺ የተባለው ቅኝት ድምፆቹ ከአምባሰል ጋር አንድ ናቸው። በዚህ ላይ ኮቡሺ የሚሉት፣ ድምፅን ጉሮሮ ውስጥ የሚያንቀጠቅጥና የሚጠመዝዝ ቅላጼ አለ። የበዛወርቅ አስፋውን ትዝታ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ አገሩ የገባ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የእኔ ጉዳይ ግን ኤንካ ሳይሆን ጃፓናዊቷ ዘፋኝ ሂካሩ ኡታዳ ናት። «የኛን ይመስላል ወይስ አይመስልም» የሚለውን ሚዛን ይዞ የሚቀርባት ሰው ሁለት ዘፈን ሰምቶ «ይቺማ የፈረንጅ ዘፋኝ ናት» ብሎ ይተዋታል። ያስደመጥኳቸው ጓደኞቼ አብዛኞቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ የኡታዳ ዘፈኖች የሚልቁት እኛን መምሰል ባቆሙበት ቦታ ነው ባይ ነኝ። ነገሩን የሚያስገርመው የእናቷ ማንነት ነው።

እናቷ የኤንካ ዘፋኟ ኬይኮ ፉጂ ናት። ፉጂ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በ1951 ተወልዳ ሆካይዶ በምትገኘው አሳሂካዋ ከተማ አደገች። ወላጆቿ ሮክዮኩ የሚባለውን፣ በሻሚሰን የታጀበ የታሪክ ዜማ እየዞሩ በማሰማት የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ፤ እናቷ ዓይነ ስውር ነበረች። ልጅቷም አብራቸው እየዞረች ዘፍናለች። እኛ ዘንድ ብትወለድ የአዝማሪ ልጅ እንላት ነበር። በ1969 የቶኪዮን የሌሊት ሰፈር ሺንጁኩን የሚያነሣውን «ሺንጁኩ ኖ ኦና» ይዛ ብቅ አለች፤ በቀጣዩ ዓመት ሁለት አልበሞቿ እየተተካኩ ለ37 ሳምንታት ያለማቋረጥ የሽያጭ ሰንጠረዡን አንደኝነት ያዙ። ድምፅዋ ገና በ18 ዓመቷ ሻካራ ነው፤ ብዙ አምሽቶ፣ ብዙ አይቶ የመጣ ሰው ድምፅ። ያ ድምፅ የአስናቀች ወርቁን ክራር ለሚወድ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ከዚህች ሴት በ1983 ኒው ዮርክ ላይ የተወለደችው ልጅ ያደገችው በኒው ዮርክና በቶኪዮ ስቱዲዮዎች መካከል ነው፤ አባቷ ቴሩዛኔ ኡታዳም የሙዚቃ ፕሮዲዩሰር ነው። በታኅሣሥ 1998 የመጀመሪያዋ የጃፓንኛ ነጠላ ዜማ «አውቶማቲክ» ሲወጣ 15 ዓመቷ ነበር። ግጥሙም ዜማውም የራሷ። ኤንካ የለበትም፤ የጥቁር አሜሪካውያን አር ኤንድ ቢ ነው። ሰባት ጊዜ የጮኸ ስልክ ሲነሣ የሚጀምረው ይህ ዘፈን በጃፓን ጆሮ ላይ እንግዳ የሆነው በምቱ ብቻ አይመስለኝም። ኡታዳ ቃል ትቆርጣለች። የስልኩን ደወል የሚጠራውን ቃል ራሱን እኩሌታውን በአንድ ትንፋሽ፣ የቀረውን በሌላ ትንፋሽ ትለዋለች። የኛ ዘፋኝ ትንፋሽ የሚወስደው ሐረጉ ሲያልቅ፣ ቤት ሲመታ ነው፤ የኤንካ ዘፋኝም እንዲሁ። እሷ ግን ስሜቱ በፈለገው ቦታ ላይ ትሰብረዋለች፤ ቋንቋው ይከተላታል። ጃፓንኛ የማይሰማ ሰው እንኳ ልብ ብሎ ካዳመጠ አንድ ነገር እየተደናቀፈ እንደሚሄድ ይሰማዋል። መደናቀፉ ነው የሚጥመው።

በመጋቢት 1999 «ፈርስት ላቭ» አልበም ወጣ። በጃፓን ብቻ ከ7.6 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ በአገሪቱ ታሪክ ከዚያ በላይ የተሸጠ አልበም እስካሁን የለም። አልበሙ ስሙን የወሰደበት ዘፈን በ2022 የኔትፍሊክስ ተከታታይ ድራማ መነሻ ሆኖ ለአዲስ ትውልድ ደርሷል። የመለያየት ዘፈን ነው፤ የትንባሆ ጣዕም ባለው የመጨረሻ መሳም ይጀምራል። ደፋር ሐሳብ ልናገርና፣ ከመጠን በላይ የተወደሰ ዘፈን ነው። ቆንጆ አይደለም ማለቴ አይደለም። አዝማቹ ላይ ድምፅዋ ሲሳሳ የማይነካው ሰው ካለ ልቡን ይመርመር። ነገር ግን ፒያኖው፣ ቫዮሊኖቹ፣ ከፍ እያለ የሚሄደው ማብቂያ፣ ሁሉም እንድናለቅስ አስቀድመው ተስማምተው የመጡ ናቸው። በዚያ ዕድሜ እንዲህ መጻፍ መቻሏ ያስደንቃል፤ ዘፈኑ ራሱ ግን ከ«አውቶማቲክ» ያነሰ ይገርመኛል።

በእንግሊዝኛ የሠራቻቸውን የ2004ቱን «ኤክሶደስ»ንና የ2009ኙን «ዚስ ኢዝ ዘ ዋን» በፍጥነት ልለፋቸው። የመጀመሪያው ብልህ ነው ግን ቀዝቃዛ፤ ሁለተኛው ሬዲዮ ለማስደሰት የተሠራ ይመስላል። እንግሊዝኛ ለእሷ የባዕድ ቋንቋ ስላልሆነ በቋንቋ ማሳበብ አይቻልም። የማውቃቸው ወጣት አድናቂዎቿ አብዛኞቹ ወደ እሷ የመጡት በሌላ በር ነው፤ ወይ በ«ኪንግደም ሃርትስ» ጌም ወይ በ«ኢቫንጌልዮን» ፊልሞች። በጌም መግቢያ ላይ የሰሙትን ዜማ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያንጎራጉሩ ሰዎች አሉ። አልስቅባቸውም፤ ከብዙ ሬዲዮ የተሻለ መግቢያ ነው።

በ2010 ኡታዳ ከመድረክ እንደምትርቅ አስታወቀች። ገና 27 ዓመቷ ነበር። በነሐሴ 2013 እናቷ ኬይኮ ፉጂ በ62 ዓመቷ ሞተች፤ በድንገትና በሚያሳዝን ሁኔታ፣ እዚያው ስሙን ዘፍና በታወቀችበት ሺንጁኩ። በ2015 ኡታዳ ራሷ ወንድ ልጅ ወለደች። በመስከረም 2016 ከስምንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ የሆነው የጃፓንኛ አልበም ወጣ፤ ርእሱም «ፋንቶም»፣ የሙታን መንፈስ።

እዚህ ላይ ዘግየት እላለሁ።

እኛ ለሞት የሚዜም ነገር እናውቃለን፤ ሙሾ አለን። አልቃሿ የሟችን ስም ትጠራለች፣ ዘሩን ትቆጥራለች፣ ጀግንነቱን ወይ ደግነቱን ታነሣለች፣ ለቀስተኛው ደረት እየመታ ይቀበላል። ሐዘን ለብቻ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ ጮክ ብሎ ካልወጣ ያንቃል እንላለን። እናቷም በምትዘፍነው ኤንካ ውስጥ ሐዘን ጮክ ብሎ የሚወጣ ነው፤ ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል፣ ቅላጼው ይረዝማል። ልጅቷ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ከእናቷ አፍ ነው የሰማችው። ለእናቷ ስትዘፍን ግን አንዱንም አልተጠቀመችበትም።

ከዚህ አልበም ዘፈኖች «ሃናታባ ኦ ኪሚ ኒ» በሚያዝያ 2016 ቀድሞ የወጣው የጃፓን ሕዝባዊ ቴሌቪዥን የኤን ኤች ኬ የጠዋት ድራማ መክፈቻ ሆኖ ነው። የኤን ኤች ኬን የጠዋት ድራማ ለማያውቅ፦ ጠዋት ጠዋት በሁለት ሰዓት የሚታይ፣ 15 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ቁርስ ሲበላ፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኝ በአገሪቱ ሳሎን ሁሉ የሚከፈት ነገር ነው። ዘፈኑ ብሩህ ነው፤ ፒያኖው ፈካ ያለ፣ ከበሮው ለእግር ጉዞ የሚመች። ግጥሙ ለአንድ ሰው የአበባ እቅፍ ስለ መስጠት ነው። የመጀመሪያው መስመር ግን ዘወትር ሜካፕ የማትቀባ ሰው በዚያ ጠዋት ስስ ሜካፕ መቀባቷን ያነሣል። ጃፓን ውስጥ ሟች ወደ ቀብር ከመሸኘቱ በፊት ፊቱ ይኳላል። ይህን ካወቁ በኋላ ዘፈኑ ሌላ ነው፤ የአበባው እቅፍም የት እንደሚቀመጥ ይገባል። በዘፈኑ ውስጥ የሟች ስም የለም፣ ሞት የሚል ቃልም የለም። ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ግማሽ ዓመት ሙሉ ሻይ እየጠጣ ሙሾ ሰማ። ብዙው ቀስ ብሎ ነው የገባው ብዬ እገምታለሁ፤ አንዳንዱም ምናልባት ጭራሽ አልገባውም። ኡታዳ አላስገደደችውም።

በዚያው ቀን የወጣው «ማናትሱ ኖ ቶሪያሜ» ከዚህም ይከብዳል። ርእሱ በሙቀቱ ወቅት መካከል ድንገት ወርዶ የሚያልፍ ዝናብ ማለት ነው። ለእኛ ነሐሴ ራሱ የዝናብ ወር ስለሆነ ነገሩ ወዲያው አይመጣልንም፤ በቶኪዮ ነሐሴ ግን ዝናብ ድንገት መጥቶ አስፋልቱን አርሶ ይሄዳል። የእናቷ ሞት የነሐሴ ነው። ዘፈኑ የሚጀምረው ከሕልም መሃል በመንቃት ነው፤ ፒያኖ ብቻ፣ ድምፅዋም ሊነጋ ሲል ሌላ ሰው ላለመቀስቀስ የምትጠነቀቅ ይመስል ዝግ ያለ። የሚደንቀኝ መጨረሻው ነው። ከበሮው ገብቶ ዘፈኑ ከፍ ይላል ብለን ስንጠብቅ፣ የማያባራ ዝናብንና የማይረካ ጥምን ጎን ለጎን አድርጋ እየደጋገመች ትሄዳለች። ያልፋል የተባለው ዝናብ አላለፈም፤ ያን ሁሉ ዘንቦም ጥሙን አልቆረጠም። የጣት ቆጠራ የሚበቃቸው ቃላት ናቸው፤ ቅላጼ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ፣ ልክ ነገሩ ሊሻሻል እንደማይችል ያወቀ ሰው ያንኑ ሲናገር።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ «ታዲያ ለምን አታለቅስም? ቀዝቃዛ ናት» አለኝ። ቀዝቃዛ ብትሆን ያን መድገም አትችልም ነበር። እናቷ በዚህ ቦታ ላይ ጉሮሮዋን ሙሉ ትለቀው እንደነበር ታውቃለች፤ እዚያ መድረስም የሚያቅታት አይመስለኝም። ለእናቷ ትታ የሄደችው ቦታ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ማስረጃ የለኝም፤ ነገር ግን የእናቲቱን የ1970 ዘፈኖችና ይህን አከታትሎ የሚሰማ ሰው ብዙ የሚከራከረኝ አይመስለኝም።

አልበሙ በሙሉ ለቅሶ አይደለም። ከዘፋኟ ሺና ሪንጎ ጋር የተጫወተችው «ኒጂካን ዳኬ ኖ ባካንስ» ቀበጥባጣ ነው፤ ትዳርና ልጅ ያላት ሴት ለሁለት ሰዓት ስለምትሰርቀው ዕረፍት። መክፈቻው «ሚቺ»ም የሚያስጨፍር ምት አለው፣ ምንም እንኳ ለሟች ሰው የተነገረ ቢሆን። መዝጊያው «ሳኩራ ናጋሺ» ለ«ኢቫንጌልዮን» ፊልም በ2012 የተሠራ፣ እናቷ በሕይወት ሳለች የወጣ ዘፈን ነው። ከዓመታት በኋላ በዚህ አልበም መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ ግን ስለ እሷ የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ይለወጣል። ቅደም ተከተሉን የወሰነው ሰው ጎበዝ ነው።

የ2022ቱን «ባድ ሞድ» ብዙ ሰው ከ«ፋንቶም» ያስበልጣል። እኔ አላስበልጥም፤ ግን መጨረሻው አካባቢ ያለው «ሰምዌር ኒር ማርሴይ» ላይ ከሁሉም ጋር እስማማለሁ። ከእንግሊዛዊው አቀናባሪ ፍሎቲንግ ፖይንትስ ጋር የሠራችው ነው፤ ወደ 12 ደቂቃ ይጠጋል። ሁለት ሰዎች የት እንገናኝ ብለው ቀጠሮ ሲያደርጉ፣ ካርታ ላይ መካከለኛ ቦታ ሲፈልጉ፣ ክፍል እንያዝ ሲባባሉ፤ በቃ፣ ሌላ ታሪክ የለውም። ምቱ እየሄደ እየሄደ ቃሉ ያልቅና ምቱ ይቀጥላል። ያስደመጥኳቸው ሁሉ «ረዘመ» አሉኝ። እውነት ነው ይረዝማል። የኛ የሠርግ ዘፈንስ መቼ ያጥራል? ሌላ «ፈርስት ላቭ» ከምትጽፍልን እንዲህ ያለ ሌላ 12 ደቂቃ ብትጨምርልን እመርጣለሁ።