አንትሮፖሎጂ ለስሚንቶ ምን ያደርግለታል?

በቃና ዘገሊላ ዕለት የሚካኤልን ታቦት ሸኝተን ስንመለስ፣ ጃን ተከል ዋርካ አጠገብ ካለች ጎረቤታችን ቤት ቡና ላይ ተሰበሰብን። የቤቱ ልጅ ለበዓል መጥቶ ነበር። ከጎንደር ራቅ ባለ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና ይማራል፣ ሦስተኛ ዓመት ነው። አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ «ትምህርትስ እንዴት ነው ልጄ?» ቢሉት፣ አንደኛ ዓመቱን እንደ ቂም ዘረገፈው።

«አንድ ዓመት ሙሉ ባከነብኝ እኮ ጋሼ! ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ስነ ዜጋ፣ ስፖርቱ ሳይቀር። አሁን ይሄ የሰውን ኑሮና ባህል የሚያጠናው ሶሻል አንትሮፖሎጂ ለስሚንቶ ምን ያደርግለታል?»

እናቱ ከረከቦቱ ኋላ ሆነው ተቀበሉት። «እኔ ስሙን እንኳ አላውቀው። ታላቅ እህቱ በሦስት ዓመት ጨርሳ ሥራ ያዘች። ትንሿ ዘንድሮ ብትገባ አራት ዓመት ነው አሉኝ። ያቺ አንድ ዓመት የማን ናት? የኔ መቀነት ናት።»

እውነታቸውን ነው። ብዙው ዲግሪ በሦስት ዓመት ያልቅ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ሁሉም ተማሪ በአንድ ላይ የሚወስደው የአንደኛ ዓመት ትምህርት ተመልሶ ሲመጣ አራት ሆነ። ተማሪው በኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም በወጪ መጋራት፣ የሚፈርመው ዕዳም አብሮ ይጨምራል።

ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እኛም ፍሬሽማን ነበርን። እሱ ብቻ መሰለህ? በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄደህ ሳታገለግል ዲግሪ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ የጎንደር ልጅ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ ነገሌ ቦረና ሒሳብ አስተምር ተባልኩ። መጀመሪያ ቀን ትምህርቱን ላቅልላቸው ብዬ አንዱን ልጅ ‹አባትህ ስንት ከብት አለው?› አልኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ኋላ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው ለብቻዬ ወስዶ የነገረኝ፤ ለካ የሰው ከብት ቁጥር አይጠየቅም! በማግስቱ በጠጠር ቆጠርን። አንትሮፖሎጂ የምትለው ይኸው ነው። ነገ መንገድ ስትሠራ፣ ግሬደርህን የማን መቃብር ላይ እንደምትነዳ ማን ይነግርሃል?»

ልጁ ተናደደ እንጂ አላፈረም። «እርስዎ ነገሌ ሄደው ነዋ ጋሼ! እኔ ሞጁል ነው የሸመደድኩት።» ስልኩን አወጣና አሳየን፤ ከገጽ ገጽ በቢጫ የተቀባ ፒዲኤፍ። በአንድ አዳራሽ ከመቶ በላይ ሆነው እንደሚቀመጡ፣ መምህሩ ስላይዱን አንብቦ እንደሚወጣ፣ ፈተናው ምርጫ ብቻ እንደሆነ ነገረን። የታሪኩንም ኮርስ እንደዚያው ነው የወሰደው። ነገሥታቱን በአንድ ትንፋሽ ዘለቃቸው፤ ፋሲል ከ1632 እስከ 1667፣ ቀዳማዊ ዮሐንስ እስከ 1682፣ ቀዳማዊ ኢያሱ እስከ 1706፣ ሁሉም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ግንቡ ከደጃፉ ይታያል። «የኢያሱ ቤተ መንግሥት ታዲያ የትኛው ነው?» ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ። እዚያው ቅጥር ሥር ኳስ ሲጫወት ያደገ ልጅ ነው።

ከመካከላችን ጎንደር ላይ የተማረች ነርስ ነበረች። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ ደንቢያን ወባ ከጨረሰ በኋላ። የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን (ሳኒታሪያኑን) በአንድነት ለገጠር ነበር የሚያሠለጥነው። ዛሬም ተማሪዎቹ ቲቲፒ የሚሉት አለ፣ ከየዲፓርትመንቱ ተቀላቅለው ገጠር ይወጣሉ። «እኛም ወጥተናል» አለች። «ሚድዋይፏ፣ ላቦራቶሪው፣ እኔ፣ አንድ ላይ እየበላን እያደርን ቤት ለቤት ስንዞር ከረምን። ግዴታ ነበር። ምን ይረባኛል ያለ ግን አልሰማሁም።»

«እሱማ የራሳችሁ ሙያ ነው እህቴ። የኛኮ መውጫ ፈተናው ላይ እንኳ አይጠየቅም።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ሶፍትዌር ነበር የምፈልገው። ምደባው በፍሬሽማን ውጤት ነው። አንትሮፖሎጂ ሲ አመጣሁና ጂፒኤዬን ጎተተው። በጥቂት ነጥብ አለፈኝ።»

እናቱ ቡና መቅዳታቸውን ትተው አዩት። ይህን ከዚያ በፊት ነግሯቸው አያውቅም ነበር።

እኔ ሽማግሌው ያሉትን እቀበላለሁ። ሰው የሚኖርበትን አገር ሳያውቅ መሐንዲስም ሐኪምም ሆኖ መውጣት የለበትም፤ ለዚህ አንድ ዓመት አይበዛም። በልጁ ላይ የተደረገው ግን ልክ አይደለም። ሰውን አስተውል ብሎ የሚያስተምር ትምህርት እሱን ከሚፈልገው ሙያ ማስቀሪያ ሆነበት። እንዲህ ከሆነ ማን ልብ ብሎ ያነበዋል? መልሱን ሸምድዶ ኤ ይፈልጋል፣ ሲ ካመጣም ዕድሜ ልኩን ይጠላዋል። ሽማግሌው ነገሌ ላይ ሲሳሳቱ ማርክ የቀነሰባቸው የለም። ዘበኛው አስተማራቸው፣ በማግስቱ አረሙ፣ ይኸው ሽበታቸውን ይዘው ያወሩታል።

ኮርሶቹ ይቆዩ፣ ግዴታም ይሁኑ። አዳራሹ ይቅርና ተማሪው ሳምንትም ቢሆን ወጥቶ አንድ ቀበሌ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ግንብ አይቶ ያየውን ይጻፍ። ይህን ሠርቶ ካቀረበ «አልፏል» ይባል፣ ይበቃል። ለምህንድስና መመደቢያ ማወዳደሪያ ከተፈለገ የሒሳቡና የፊዚክሱ ውጤት አለ።