ማስተካከያ፦ ስለደፈረሰ የአኳሪየም ውሃ
በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ቤታችሁ ተክል ያለው አኳሪየም ላላችሁ፦ ባለፈው «ውሃው ከደፈረሰ ሙሉ በሙሉ ቀይሩት፤ ፊልተሩንም (የውሃ ማጣሪያውን) በቧንቧ ውሃ እጠቡት» የሚል ምክር ወጥቶ ነበር። ይህ ይታረም።

መጀመሪያ ውሃውን በብርጭቆ ቀድታችሁ ነጭ ወረቀት ፊት ያዙት። አረንጓዴ ከሆነ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚራባ ጥቃቅን አረንጓዴ ሕይወት) ነው፤ መብራት ቀንሱ። ነጣ ካለ አሳድሩት። እንደ ክረምቱ የጣና ውሃ አፈር ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ይዘቅጣል። አድሮም ካልጠራ፣ በተለይ ገንዳው አዲስ ከሆነ፣ ባክቴሪያ መሆኑ አይቀርም። ያኔ ምግብ ቀንሱ፣ የበሰበሰ ቅጠል ልቀሙ፣ ታገሡ።

ፊልተሩ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የቧንቧው ክሎሪን (ውሃውን ከጀርም ለማጽዳት የሚጨመረው ኬሚካል) ይገድላቸዋል። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ብቻ እጠቡት፤ አደራ! ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ወለል ወጥተው አየር ከጎረሱ ግን አትጠብቁ። ሩብ ያህሉን ክሎሪን በሌለው ውሃ ዛሬውኑ ለውጡ።